ሃያ ሊትር

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያውም ሌሊት። መምጣቱን የሚናገረው ቧንቧው ውስጥ የሚያፏጨው አየር ነው። ያን ሌሊት ፉጨቱን ስሰማ ሦስተኛውን ኬሞ ከወሰድኩ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። እናቴ ሲደክማት ውላ ጥልቅ እንቅልፍ ይዟታል። ዛሬስ እኔ ልቅዳላት ብዬ ተነሣሁ።

ድፍረቱ የመጣው ከክኒኑ ነው። የያዘኝ ሊምፎማ ከትልልቅ ቢ ሴሎች የሚነሣው ዓይነት ሲሆን ሕክምናው አር-ቾፕ ይባላል። በየ21 ቀኑ አራት መድኃኒት በደም ሥር ይገባል፤ አምስተኛው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ለ5 ቀን ይዋጣል። በእነዚያ አምስት ቀናት እንቅልፍ የሚባል የለም፤ ሰውነት ግን የበረታ ይመስላል። ሌሊት ተነሥቼ ቁም ሣጥን አስተካክላለሁ፤ ቁጭ ብድግ ሠላሳ ጊዜ እሠራለሁ። ያው ክኒን የጭንና የዳሌ ጡንቻን እንደሚያሟሽሽ የነገረኝ አልነበረም። በደም ሥር ከሚገቡት አንዱ ቪንክሪስቲን ደግሞ የጣቶቼን ጫፍ ስላደነዘዘው የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ሳላይ መቆለፍ አልችልም ነበር።

ጀሪካኑን ሞልቼ አነሣሁት። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ከመታመሜ በፊት በአንድ እጅ የምይዘው። ሦስተኛዋ ደረጃ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠና ከዳኝ፤ ጣቶቼም መልቀቃቸው ሳይታወቀኝ ለቀቁት። ከደረጃው ጋር ተላተምኩ። እናቴ በነጠላዋ ብቻ ወጥታ ውሃው ውስጥ ተቀምጬ አገኘችኝ። "ልጄን!" ብቻ ነው ያለችው።

በማግስቱ ጭኔ ከዳሌ እስከ ጉልበት በልዟል። ደሜ ሲታይ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቴ ወርዶ ነበር። ጭንቅላቴን ተመትቼ ቢሆን ኖሮ ምን ሊመጣ ይችል እንደነበር ሐኪሙ በቀስታ አስረዳኝ።

ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ዋልኩ። ጠያቂ ሁሉ "እግዜር ይማርህ፤ ብቻ ተኛ፣ ጉልበትህን ቆጥብ" ይለኛል። እናቴ አጥሚቱንም ገንፎውንም ከትራሴ ሥር ታመጣዋለች፤ የነፍስ አባቴ ስለፈቀዱልኝ በጾሙም እንቁላል አልቀረብኝም። ዐሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ኬሞ ዋዜማ ቡና ተፈልቶ ረከቦቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ተጠጥቶ ልነሣ ስል እግሮቼ እንቢ አሉ። በሁለት እጄ የእናቴን ትከሻ ተደግፌ ነው የተነሣሁት፤ ትከሻዋ ከእጄ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከደረጃው መውደቅ ይልቅ ያ ነው እስካሁን የሚያመኝ። እኔን ያሟሸሸኝ ጀሪካኑ ሳይሆን አልጋው ነበር።

በበነጋው ሆስፒታል ይህን ለአንዲት ፊዚዮቴራፒስት ስነግራት አልተቆጣችኝም። "ወንድሜ፣ ሐሳብዎ ልክ ነበር፤ መጠኑና ቀኑ ነው የተሳተው" አለችኝ። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለታተመ ጥናት አጫወተችኝ፤ ኬሞ ላይ ካሉ 242 የጡት ካንሰር ታማሚዎች መካከል ክብደት እያነሡ የቆዩት ከታዘዘላቸው መድኃኒት ካላነሡት የበለጠ ድርሻ መውሰድ ችለዋል። ያ የጡት ካንሰር ነው ስላት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመውን፣ አልበርታ ላይ 122 የሊምፎማ ታማሚዎች የተካፈሉበትን አነሣችልኝ። እነሱ የሠሩት ክብደት ሳይሆን ብስክሌት ነው፤ አቅማቸው ጨምሯል፣ ኬሞው ዕጢውን እንዳያጠፋ ያደረገውም ነገር አልነበረም። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ ሌሊት ሌሊት የምትፈራው እሱን ነበርና።

መጀመሪያ ልቤ በኢኮ መታየቱን አጣራች፤ ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ልብ ሊጎዳ ስለሚችል። ከዚያ ከፍ ያለ ወንበር አመጣችና ክንድ ሳልደገፍ አምስት ጊዜ እንድነሣ ነገረችኝ። ሦስት ጊዜ ቻልኩ። "ከሦስት እንጀምራለን" አለች። ግድግዳ መግፋት፣ ተረከዝ ማንሣት፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሀይላንድ በየእጁ ይዞ ክንድ ማጠፍ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ትንፋሽ ሳይያዝ። ትኩሳት ካለ፣ ፕሌትሌት ከወረደ ወይም አጥንት ላይ አዲስ ሕመም ከተሰማ መተው። ነጭ የደም ሕዋስ በሚወርድበት ሳምንት ሰው ከሚበዛበት ጂም መራቅ። ሁሉም ሩብ ሰዓት የማይሞላ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢሰጠኝ ኖሮ እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል። በቀጠሮ ካርዴ ላይ የመድኃኒቱ ሁሉ ስም ሰፍሯል፤ ስለ እግሬ ግን አንድ መስመር አልተጻፈበትም። ሆስፒታሉ ወረፋ ላይ ከእኔ ጋር የሚጠብቁት ከክፍለ ሀገር የመጡ ገበሬዎች ጭናቸው ነው እንጀራቸው፤ ለእነሱ ማን ይነግራቸዋል?

ቤት ውስጥ የሚቆጥርልኝ ሰው ያስፈልግ ነበርና እናቴ ቆጣሪ ሆነች። መጀመሪያ እጆቿን ዘርግታ ከፊቴ ትቆም ነበር፤ ሰንበት ስትል ሽንኩርት እየከተፈች ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቆጥራለች። ከስድስተኛው ኬሞ በፊት ባለው ማክሰኞ ዐሥር ላይ ስትደርስ "በቃ፣ ይበቃሃል" አለችኝ።

"አንድ ጨምሪልኝ እማ" አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀምጣ ዞር አለች። "ዐሥራ አንድ" አለች፣ ስነሣ እያየችኝ።