እንኳን ከቫን በሰላም ገባችሁ

ዘንድሮ ጀግንነት ቤት ትቶ መኪና ውስጥ ማደር ሆኗል። ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ወጣት ያገለገለ ቫን ይገዛል፣ የኋላ ወንበሩን ነቅሎ ፍራሽ ያነጥፋል፣ ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ ያስገጥማል፣ ከዚያም «ከአራት ግድግዳ ነፃ ወጣሁ» ብሎ ዘመድ አዝማድ ይሰናበታል። ዓመት ቆይቶ እስራኤል ውስጥ ክርያት አታ ከተማ ወላጆቹ ደጃፍ ቫኑን ያቆመ ዕለት ደግሞ ሐዘን ይቀመጣል፤ ክፍሉ ጠበበኝ፣ ጣሪያው ተጫነኝ፣ ኮከብ ናፈቀኝ ይላል። ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ። ወግ የማያውቅ ሰው የለምና እናጽናናው፤ ግን ከማጽናናታችን በፊት ያን ዓመት ሙሉ ነፃ አድርጎ ያኖረው በርግጥ ቫኑ እንደሆነ ብናጣራ ምን አለበት?

የዚህ ነፃ ሰው ቦርሳ ቢፈተሽ ከመታወቂያው፣ ከቴኡዳት ዜሁቱ፣ ጋር የምትያዘው ወረቀት፣ ሴፋሕ የሚሏት፣ ትገኛለች። እሷ ላይ አድራሻ የሚል መስመር አለ። መስመሩ ላይ «ከኤላት ወደ ሔርሞን በመጓዝ ላይ» አይልም፤ ከተማው ክርያት አታ፣ ቀጥሎ የመንገዱ ስም፣ ቀጥሎ የቤቱ ቁጥር። የብሔራዊ መድን (ቢቱሐ ለኡሚ) ደብዳቤ፣ የተጠባባቂ ጦር (ሚሉኢም) ጥሪ፣ አዲሱ የባንክ ካርድ፣ የቫኑ የዓመታዊ ምርመራ (ቴስት) ማስታወሻ ሳይቀር እዚያ ይደርሳል። እናት ፖስታውን ትከፍታለች፣ ፎቶ አንሥታ በዋትስአፕ ትልካለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቫኑ ብቅ ሲል የወር ልብስ ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ባዶው ሳህን ወደ ወጡ ያመራል፤ የኬሚካል ሽንት ቤቱም የት እንደሚደፋ እኔ አልናገርም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንግዲህ ይህ ሰው ከቤት ወጣ ከምንል ቤቱ ገመዱን አስረዝሞ ለቀቀው ብንል ለእውነቱ እንቀርባለን። ነፃነቱን የከፈለችለት ያቺ ቤት ናት፤ የምትሰደበውም እሷው።

የዚህን የቫን እምነት አባት ራሱን እንጥራ። ፎስተር ሀንቲንግተን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ዮርክ ላይ ከራልፍ ሎረን ሥራውን ለቅቆ የቮልስዋገን ቫን ገዛ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው «ቫን ላይፍ» የሚለው መፈክርም የእሱ ነው። ሚሊዮኖች ተከተሉት። እሱስ? ጥቂት ዓመት ከተንከራተተ በኋላ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በቤተሰቡ መሬት ዛፍ ላይ ቤት ሠርቶ ከተመ። ነቢዩ ጣሪያ ሥር ገብቷል፣ ምእመናኑ ገና ነዳጅ ይቀዳሉ።

ወንበር ነቅሎ ስለመጓዝና በጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ ስለመኖር ከተነሣ ግን ቀዳሚዎቹ ተረስተዋልና ይህን ግፍ ማረም ይገባል። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 የሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል አሻገረ፤ ወንበሩ የተነቀለ አንድ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻውን ከ1,000 በላይ ጫነ። (ወንበር መንቀልም አዲስ ግኝት አይደለም ማለት ነው።) «ቤታችሁ ገባችሁ» ተባሉ። ቤቱ በመጀመሪያ ሆቴልና የአዲስ ገቢዎች መቀበያ (መርካዝ ክሊታ)፣ ቀጥሎ ካራቫን ሆነ። አኮ አጠገብ ሐጽሮት ያሳፍ፣ ከሐይፋ በስተደቡብ አትሊት አጠገብ ኔቬ ካርሜል፣ ኢየሩሳሌም ላይ ጊቭዓት ሐማቶስ፤ አብዛኞቹ ሠፈሮች ከሱቅና ከሥራ የራቁ፣ ዓይን የማያርፍባቸው ቦታዎች ነበሩ። የዛሬው የቫን ሰባኪ የሚቆጥራቸው ጸጋዎች ሁሉ እዚያ ተሟልተው ነበር። ለተፈጥሮ መቅረብ? የኦገስት ፀሐይ በቀጭኑ ግድግዳ ዘልቃ ከቤተሰቡ ጋር ትውል ነበር፤ የጃንዋሪ ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድብ ቄሱ የሚሉት አይሰማም። በጥቂት ነገር መኖር? ምጣድ ሲጣድ የተኛ ሰው ይነሣል፣ ረከቦት ሲዘረጋ እንግዳው እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል። ከሕዝብ ጋር መቀራረብ? ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለት የሚቻለው ከራስ አልጋ ሳይወርዱ ነው። ያኔ ታዲያ ይህ ሁሉ የአኗኗር ጥበብ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም፤ «ችግር» ይሉት ነበር፣ ባለማወቅ።

ሁለት ነገር ብቻ ይጎድላቸው ነበር። አንደኛ ካራቫኑ አይነዳም። ሁለተኛ፣ ዋናው ይህ ነው፣ የሚመለሱበት ሌላ ቤት የለም። ከጎንደር የተነሣው ሰው ጎጆውን ሸጦ ወይም ጥሎ ወጥቷል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ የካራቫኑ ብቻ ነው። «ለጊዜው» የተባለው ለብዙዎች ዓመታት ሆነ፤ ጊቭዓት ሐማቶስ ላይ እስከ 2000ዎቹ የቆዩ ቤተሰቦች አሉ። በ1993 መንግሥት የቤቱን ዋጋ አብዛኛውን በስጦታ የሚሸፍን ልዩ የቤት ብድር (ማሽካንታ) ሲያወጣ እነዚህ የቫን አርበኞች ምን አደረጉ? «ግድግዳ ያፍነናል፣ ኮከባችንን አትንሡን» አሉ? ወረቀታቸውን ይዘው ተሰለፉ እንጂ። ዋጋው ዝቅ ወዳለበት ሠፈር ገቡ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፣ በሩ ላይ ሜዙዛ ሰቀሉ። ስለዚህ የቫን ደስታ ከቫን የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ሐጽሮት ያሳፍ የምድር ገነት በሆነ ነበር። ያው ጠባብነት፣ ያው ሙቀት፣ ያው የጋዝ ሲሊንደር ለአንዱ ጀብዱ ለሌላው ውርደት የሚሆነው መመለሻ ባለውና በሌለው መካከል ባለው ልዩነት ነው።

የሚቃወም አይጠፋም። «የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል፣ ወጣቱ ምን ያድርግ?» ይባላል። ትክክል ነው፤ ግን ኪራይ ያስመረረው ሰው ቤት ይጠይቃል እንጂ ቤትን አያወግዝም። በጁላይ 2011 ቴል አቪቭ ሮትሺልድ ጎዳና ላይ ድንኳን የተከሉት ወጣቶች ድንኳኑን አላወደሱም፤ ጣሪያ ስጡን ነው ያሉት፣ አገርም ሰማቸው። አሜሪካ ውስጥም ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቤታቸውን አጥተው በቫን እየዞሩ በአማዞን መጋዘን ዕቃ የሚደረድሩ አረጋውያን ነበሩ፤ ጄሲካ ብሩደር በ2017 «ኖማድላንድ» በሚል መጽሐፍ ጽፋቸዋለች፣ ፊልሙም በ2021 ኦስካር ወስዷል። እነሱ መኪና ውስጥ ያሳደራቸው የዕዳና የጡረታ ሒሳብ ነው። ከክርያት አታ ልጅ ጋር በአንድ ስም መጥራት የእነሱን መከራ መስረቅ ይሆናል።

ሌላው ደግሞ ከፍ አድርጎ ያነሣዋል፤ «መንገደኝነት የአባቶቻችን ነው፣ እስራኤል ለመድረስ በእግራቸው ሱዳን ድረስ የሄዱት እነማን ናቸው?» ይላል። የሚያሳፍረው ክርክር ይህ ነው። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው እንደረገፈ ይገመታል። በአምቦበር ተራራ ለስግድ በዓል ወጥቶ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞረ ሰው የጸለየው ለመድረስ ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ ጉዞውን አርዝምልኝ» ያለ አልተሰማም። ክርያት አታም ብትሆን ታሪኳ ይመሰክራል። በ1925 ተቆርቁራ በ1929ኙ ሁከት ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሸሹ፣ በ1930 ተመልሰው ገቡ፤ ሲመለሱ ስሜታቸው እንደተጎዳ የሚገልጽ አልነበረም። በ1934 የተከፈተው የአታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1985 ተዘግቶ ሠራተኛው ሲበተንም «እንኳን ከአራት ግድግዳ ነፃ ወጣችሁ» ያላቸው የለም።

«ታዲያ ልጆቻችን አይዙሩ?» ለሚል፣ ይዙሩ እንጂ! የካራቫን ልጅ ልጅ ለመዝናናት ቫን መግዛት መቻሉ በራሱ አያቱ ያልጠበቁት ድል ነው፤ ጎላንን ይይ፣ ሞያ ይቅሰም፣ ፍቅርም ይያዘው። የምንለምነው ሲመለስ ስብከቱን እንዲተውልን ብቻ ነው። ዕዳዋን በወር በወር ከፍላ የጨረሰች እናት ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጦ፣ የእሷን ወጥ እየበላ፣ «ቤት እስር ቤት ነው» ማለት ጥጋብ እንጂ ፍልስፍና አይደለም።

መላመድ በእውነት ካቃተው ግን ዝም ብለን ማየት አይገባንም፤ ይህች አገር ከረጅም ጉዞ ለተመለሰ ሰው የዳበረ አሠራር አላት። ክርያት አታ ላይ ለቫን ተመላሾች መርካዝ ክሊታ ይከፈትላቸው። ለእናቶቻችን እንደተደረገው ማቀዝቀዣ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚለቀቅ የምታሳይ ሴት በየሳምንቱ ትላክላቸው። እንደ ዕብራይስጥ ትምህርቱ በአልጋ አተኛኘት ላይ የስድስት ወር ኡልፓን ይውሰዱ። የሚያርፉበትም ቦታ ከከተማ ወጣ ብሎ ይዘጋጅ፣ ለጊዜው ነው ይባሉ፣ ጥያቄ ሲያቀርቡ «ጉዳይዎ እየተጣራ ነው» የሚል ደብዳቤ ይድረሳቸው። ቫኑም ስም ካለው፣ አብዛኞቹ ያወጡለታልና፣ የምዝገባ ጸሐፊዋ ለመጥራት ይከብዳታል፤ ለወላጆቻችን ስም እንደተደረገው በዕብራይስጥ ቀይራ ትመዝግበው።