እማዬ፣ ጫማሽን ባታወልቂም ይሆናል

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ባለፈው በስልክ «የምትኖርባት ደሴት ደግሞ ምኗ ይታያል? ውኃ ለማየትማ ጣና አለልን» ያልሽው ሲከነክነኝ ሰነበተ። ሆቴላችን ቁርስ ላይ እንቁላል ሳቀርብ ቱሪስቱ ሁሉ «ዛሬ ወዴት እንሂድ?» የሚለው እኔን ነው። ለባዕድ የማወራውን ለእናቴ ብነፍግ ነውር ነው። ለእነሱ ከባሕሩ እጀምራለሁ፤ ላንቺ ግን ከቤተ ክርስቲያን።

ማልታ ከነደሴቶቿ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ አገር ሆና አዲስ አበባን አታክልም። የመጨረሻው ከፍታዋ 253 ሜትር ነው። ይህንን ሲነግሩኝ እንጦጦ ድቅን አለብኝና ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ጉድ ነው» አልኩ። በሰው አገር ተራራ አይሳቅም።

አንቺን ደስ የሚልሽ ይኸውልሽ። በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ላይ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት መላጥያ ይህችው ማልታ ናት። እፉኝት እጁ ላይ ስትጣበቅ ሰዎቹ «አሁን ያብጣል፣ አሁን ይወድቃል» እያሉ ቆመው የጠበቁት እዚሁ ነው። ራባት በምትባለው ከተማ ተጠልሎበታል የሚሉት ዋሻ አለ፤ ወርደሽ ትሳለሚያለሽ። ከዚያ ወዲህ የማልታ እባብ መርዙን አጣ ይላሉ፤ እንግዲህ በእባብ አታሳቢ።

ከዚያ ሞስታ እወስድሻለሁ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጉልላቱ ከሩቅ ይታያል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1942፣ በእኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ከ300 በላይ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ አንድ የጀርመን ቦምብ ጉልላቱን በስቶ መሀላቸው ዱብ አለ። አልፈነዳም። የሞተ ሰው የለም። ዛሬ የቦምቡን አምሳያ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ አቁመውታል፤ ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይመጣል። አንቺ እልልታሽን ስታቀልጪው እንዳይደነግጡ በሩ ላይ ያለውን ሰውዬ አስቀድሜ አነጋግረዋለሁ።

በነገራችን ላይ እዚህ ብዙ ደብሮች ሁለት ሁለት ሰዓት አላቸው፤ አንዱ ትክክለኛውን ይናገራል፣ ሌላው ይዋሻል። ሰይጣን ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሆነ እንዳያውቅ ነው አሉ። የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ቢያውቁ ሁለተኛውን ባልገዙ ነበር። እኔ ራሴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ መግባቴን ሰይጣን ቀርቶ አለቃዬም አልገባውም።

ዋና ከተማዋ ቫሌታ ውስጥ፣ መነኩሴም ወታደርም የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ናይቶች የሠሩት ካቴድራል አለ። ወለሉ በሙሉ የናይቶቹ መቃብር ነው፤ በየድንጋዩ ላይ ዐፅም፣ የራስ ቅል፣ ማጭድ የያዘ ሞት በቀለም በቀለም እብነ በረድ ተለብጧል። እንዳይቦረቦር ሹል ተረከዝ ጫማ ክልክል ነው። ያንቺን ነጠላ ጫማ ማንም አይነካውም፤ ግን እንደማውቅሽ በር ላይ አውልቀሽ በካልሲ ነው የምትገቢው።

እዚያ ውስጥ ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1608 የሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ሲቆረጥ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ። ሠዓሊው ሮም ላይ ሰው ገድሎ የሸሸ ነው። ፊርማውን ያኖረበት ሥራው ይህ ብቻ ሲሆን፣ የፈረመውም ከቅዱሱ አንገት በፈሰሰው ደም ላይ ነው። ናይት አድርገው ሾሙት፤ ብዙም ሳይቆይ ተጣልቶ ታሰረ፣ ከታሰረበት ምሽግ አመለጠ፤ በሌለበት ከማኅበሩ ሰረዙት፣ ያውም እዚያው ሥዕሉ ባለበት አዳራሽ። አንቺ ለሥዕሉ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ለሠዓሊው።

ጎዞ የምትባለው ደሴት በመርከብ 25 ደቂቃ ናት፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዴ ዳዊት ሳትደግሚ ትደርሻለሽ። እዚያ ያለው የጅጋንቲያ ቤተ መቅደስ ከግብፅ ፒራሚዶች በፊት የተሠራ ነው። አንዳንዱ ድንጋይ ከ50 ቶን በላይ ይመዝናል። (የአክሱሙ የወደቀው ሐውልት 500 ቶን ያልፋል፤ ይህንን ለአስጎብኚው ነግሬዋለሁ፣ አልጠየቀኝም።) የአገሩ ሰው እንደሚያወራው የገነባችው ባቄላና ማር ብቻ የምትበላ ግዙፍ ሴት ናት፤ ድንጋዩን የተሸከመችው ልጇን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ነው አሉ። ቱሪስቶቹ ይስቃሉ። አንቺ ግን እኔን አዝለሽ ውኃ ስትቀጂ ስለኖርሽ የሚያስገርምሽ አይመስለኝም።

ባሕሩማ ሰማያዊ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ዋሻም አለው። አዙር ዊንዶው የሚሉት ታዋቂ የድንጋይ ቅስት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ማዕበል ጣለው። ሰው አሁንም እየሄደ የሌለውን ፎቶ ያነሳል።

ምግብን በተመለከተ፣ የሚኮሩበት ወጥ የጥንቸል ነው። እኔ አልቀመስኩም፤ አባ ከጠየቁሽ ይህንኑ ንገሪያቸው።

አመጣጥሽ ነሐሴ ላይ አይሁን። ሙቀቱ አይቻልም፣ ደግሞም እነሱ የማርያምን ዕርገት በርችት ሲያከብሩ እኛ ገና ፍልሰታ ጾም ላይ ነን። ሚያዝያ ጥሩ ነው። ብቻ እ.ኤ.አ. በ1902 ግንበኞች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙት ሃል ሳፍሊዬኒ የሚባል የመሬት ውስጥ መቃብር አለ፤ ሦስት ፎቅ ወደ ታች ነው፣ የ7,000 ያህል ሰው ዐፅም ተገኝቶበታል። የሰው ትንፋሽ ድንጋዩን እንዳይጎዳው በቀን 80 ሰው ብቻ ነው የሚያስገቡት፣ ትኬቱም ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ «እሱ ያውቃል» የምትይውን ትተሽ ቁርጥ ያለ ቀን ንገሪኝ፤ የሚያስይዙት በስምና በሰዓት ነው። የእነሱን ሰዓት ማለቴ ነው።

ልጅሽ