ግመል የሌለበት መጽሐፍ

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። የእኔ ስም የወጣው ግን ከባጃጅ ነው። ከመርሳ ወደ ግራና ስመለስ ጭኔ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ተቀምጦ ታየ። መጽሐፉ የእኔ አልነበረም፤ አንድ ሰው «እባክህ ለዚያ አስተማሪ አድርስልኝ» ብሎ አሸክሞኝ ነው። የባጃጁ ሹፌር ለሻይ ቤቷ ነገራት፣ ሻይ ቤቷ ለወፍጮ ቤቱ አቀበለች፣ ሳምንት ሳይሞላ «አንባቢው» ሆንኩላችሁ። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ የሐኪም ወረቀት አምጥቶ «እስቲ አንብብልኝ» አለኝ። የሐኪም ጽሕፈት ታውቁታላችሁ። መቼም መድኃኒት ሁሉ ያው ነው ብዬ «በቀን ሦስቴ ከምግብ በኋላ ትውጣለህ» አልኩት። መርሳ ፋርማሲ ሲሄድ ቅባት ሆኖ ተገኘ። እንዲያም ሆኖ ስሜ አልወረደም፤ ሰው አንዴ «አንባቢ» ካለህ ቅባት ብታስውጠውም አንባቢ ነህ።

ግራናን ለማታውቁ፣ ሐብሩ ውስጥ ከመርሳ ገባ ያለች ቆላ ናት፤ ቀን ሰውም ከብትም ጥላ ሥር ነው የሚውለው፣ ወሬ የሚጀመረው ፀሐይ ስትበርድ ነው። እኛ ሰፈር ምሽት ላይ ቡን የሚፈላው አንዲት እትዬ ግቢ፣ ማንጎዋ ሥር ነው። ሸኹ መግሪብ ሰግደው ይመጣሉ፣ ቄሱ ከቅጽር ወጥተው ይመጣሉ፣ ጡረተኛው አሥር አለቃ ቀድሞውንም እዚያው ነው። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ጨርሰናል፣ ስለ መብራት መጥፋት አውርተን ጨርሰናል። አንድ ምሽት እትዬ ሁለተኛውን እየቀዱ «ድሮ በሬዲዮ ያ ወጋየሁ የሚያነበው እንዴት ደስ ይል ነበር» አሉ። ወጋየሁ ንጋቱን ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያልሰማ የእሳቸው ዘመን ሰው የለም። ከዚያ ሁሉም ዞር ብሎ እኔን አየ።

«አንተ አንባቢ አይደለህ? ብር እናዋጣ፣ ወልድያ ሄደህ አንድ የሚጥም መጽሐፍ አምጣና አንብብልን።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ግን ማን «ወጋየሁን ተካ» ተብሎ እምቢ ይላል?

ችግሩ «የሚጥም» የሚባለው ነገር ነው። «እሱኑ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ላምጣዋ» ብል፣ እትዬ በዛብህ ሲሞት ዳግመኛ አላለቅስም ብለው ማሉ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው፤ ሴትዮዋ ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ ስንት ዘመን ያልቅሱ! አሥር አለቃው «ኦሮማይ»ን አለ። ኤርትራ ዘምቶ ስለነበር የሚያውቀውን ቦታ በመጽሐፍ መስማት አምሮታል፤ ቢሆንም ስሙን ሲጠራ ዛሬም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተለቀመ፣ በዓሉ ግርማም በማግስቱ ዓመት የካቲት ላይ ወጥቶ የቀረበት መጽሐፍ ነዋ። ሸኹ ታሪክ ወዳድ ናቸው፤ ግን አንድ ቅሬታ አላቸው። «የቴዎድሮስን መጽሐፍ ባነሣሁ ቁጥር የእኛ አሊ አይሻል ላይ ይሸነፋል። በ1845 አንዴ ተሸነፈ፣ ይበቃል እኮ! የጁ ያሸነፈበት የለም?» የአሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ አማቱን መውጋቱንማ እስካሁን ይቅር አላሉትም። የእትዬ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት፤ «ዴርቶጋዳ»ን በቴሌግራም አውርዳ ስልኳ ላይ ጨርሳለች፣ እኛን የምታየን በሐዘኔታ ነው። ቄሱ ብቻ ቀለል አድርገው «ልብ ወለድም ይሁን ታሪክ ግድ የለኝም፤ ነውር አይኑርበት እንጂ» አሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

አሥር አለቃው አንድ ሳጥን መጽሐፍ ነበረው፤ እሱ ቢኖር ወልድያ ድረስ ባልተንከራተትኩ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ግን ሰው ልጁን ይዞ ነው የወጣው፤ መጽሐፍ የተሸከመ የለም። ሲመለስ ከሳጥኑ አንዲት ብቻ ተርፋ አገኘ፣ እሷም ጎድላ። ስለ እሷ እመለስበታለሁ።

እናላችሁ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሲሪንቃን አልፌ፣ ወልድያ ገባሁ። ትልቅ ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ስታዲየም አላት፣ መጽሐፍ አይጠፋም ብዬ «መጻሕፍት መደብር» የሚል ሰሌዳ ያለበት ገባሁ። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ካልኩሌተር፣ የማትሪክ መልመጃ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

«የሚጥም መጽሐፍ አላችሁ?» አልኳት ልጅቷን።

«የስንተኛ ክፍል?»

መንገድ ላይ አንድ አዟሪ አገኘሁ። ከክንዱ እስከ አገጩ ቆልሏል፤ ግማሹ በአንድ ወር ሀብታም የሚያደርግ ነው፤ ሻጩ እንዳላነበባቸው ጫማው ይመሰክራል። እኔም መጽሐፍ እንደሚያውቅ ሰው አንዱን ሳብ አድርጌ ጀርባውን አየሁ። የታተመው ዋጋ ላይ ስቲከር ተለጥፏል፤ በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ሥሩ ሌላ ስቲከር አለ። እሱንም ልፍቅ ስል ልጁ እጄን ያዘኝ። «ፋዘር፣ የድሮውን ዋጋ ማወቅ ያናድድህ እንደሆን እንጂ ምንም አይጠቅምህ» አለኝ። እውነቱን ነው።

በዚህ መሐል ነው አንዷ ዓይኔ ውስጥ የገባችው። «ሌቱም አይነጋልኝ» ትላለች። አሰብኩ፤ ይሄ እንቅልፍ ያጣ፣ ሌሊቱን በጸሎት የሚያነጋ ሰው ነው። ሸኹም ዱዓ ነው ብለው ይወዱታል፣ ቄሱም ሰዓታት ነው ብለው ይወዱታል። የደራሲውን ስም ሳይ ደግሞ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር። ስሙ ራሱ ቅዳሴ ነው!

«ነውር የለበትም አይደል?» አልኩት ልጁን ለማንኛውም ብዬ።

«ስብሐት እኮ ነው!» አለኝ፣ ቅር ብሎት።

«አዎ፣ ስብሐት!» አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ሰተት ብዬ ከፈልኩ።

ወዳጆቼ፣ እናንተ አሁን እየሳቃችሁ ነው። ያ መጽሐፍ እንዳለ የሚያትመው ጠፍቶ ስንት ዘመን ከእጅ ወደ እጅ በስውር ሲዞር እንደኖረ፣ ስለ ውቤ በረሃ ሌሊትና ስለ ሴቶቹ ምንም ሳይሸፍን እንደሚያወራ አንባቢ የተባለ ሁሉ ያውቃል። ያላወቀው የግራናው አንባቢ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ሽፋኑን አይቶ «ጋሼ፣ እርስዎም?» ብሎ ሲስቅ እንኳ፣ የዛሬ ወጣት ጸሎት ላይ ይስቃል ብዬ አዘንኩለት።

ማታ ዕጣን ጨሰ፣ አቦሉ ተቀዳ። ከአምፖሉ ሥር ተቀመጥኩና የወጋየሁን ድምፅ ለማውጣት ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ገና ከመጀመሬ ውቤ በረሃ የሚል ስም መጣ።

«ውቤ በረሃ?» አሉ ሸኹ። «ከሚሌ ወዲያ ነው ወዲህ?»

«አዲስ አበባ...» ልል ስል ዓይኔ ሁለት መስመር ቀድሞ ወረደ። ያየሁትን አልነግራችሁም። ብቻ ላብ አጠመቀኝ። ቀና ስል ቄሱ ስኒያቸውን ይዘው በትሕትና ይጠብቃሉ፣ ልጅቷም እናቷ ሥር አለች።

«ከሚሌ ወዲያ ነው» አልኩ።

ከዚያማ ተያያዝኩት። መጠጥ ቤቱን የግመል ነጋዴዎች ማረፊያ አደረግሁት። ሴቶቹን ባሏ በረሃ የቀረባት አንዲት ጨው ነጋዴ አደረግኋቸው፤ ያን ሁሉ ሴት አንድ ላይ ማጠፌ ዛሬም ይገርመኛል። ሰካራሞቹ ግመል ጠፍቷቸው የሚንገዳገዱ መንገደኞች ሆኑ። ገጽ ስገልጥ እንኳ ጊዜዬን ጠብቄ ነበር፣ አገላለጤ እውነተኛ እንዲመስል። ሴትዮዋ ያንን ነጭ ግመል ይዛ ባሏን ፍለጋ ስትወጣ እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። በዛብህን ረስተውታል!

በማግስቱ የመጣው ሰው ከወትሮው በዛ። እኔም ቀን ማሳ ውስጥ ሆኜ፣ ውኃ መልሼ፣ የማታውን ሳሰላስል እውል ጀመር። አንዴ ግመሏን ቀይ ብዬ ሸኹ «ትናንት ነጭ አልነበረችም እንዴ?» አሉ። «አቧራው ነው» አልኩ። አቧራውን አመኑልኝ፤ በረሃ ነዋ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉት ግን ለካ ለእኔ ነው።

ያን ማታ ሴትዮዋ ሽፍቶች ዘንድ ደርሳለች። የሽፍቶቹ አለቃ ፊቱን ሸፍኗል፤ ባሏ ሊሆን እንደሚችል ሁሉም ጠርጥሯል፤ እኔ ራሴ ገና አልወሰንኩም። ድምፄን ከፍ አድርጌ «እሷም ጩቤዋን መዘዘችና...» ስል መብራት ጥፍት አለ።

ድርግም። የራሴ እጅ አይታየኝም። እኔ ሆዬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቀጠልኩ! «...መዘዘችና፣ ‹ፊትህን ግለጥ› አለችው። ግመሏም ይህን ጊዜ ከኋላ አገሣች። አለቃውም...» ወሬው ጥሞኝ፣ መብራት መጥፋቱን ልቤ አላለውም። አለቃውን አናገርኩት፣ እሷን አስመለስኳት፤ ዝምታው የመሰጣቸው መስሎኝ ጭራሽ ግመሏን ደግሜ አስገሣኋት። ስጠባበቅ ስኒ የሚያኖር የለ፣ የሚያስል የለ። ከሰሉ ብቻ ነው የሚንጣጣው።

«ልጄ» አሉ ሸኹ ቀስ ብለው፣ «በጨለማ ነው የምታነበው?»

ከእሳቸው ጥያቄ ይልቅ የገደለኝ እጄ ነው። ያኔ እንኳ እጄ ገጽ ገለጠ። ኮሽታውን ሁሉም ሰማ።

ልጅቷ የስልኳን ባትሪ አብርታ መጣች። መጀመሪያ ያበራችው መጽሐፉ ላይ ሳይሆን ፊቴ ላይ ነው፤ አውቃ ነው መሰለኝ። ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ግመሏን ፍለጋ ገባች። አንድ ገጽ አየች። ገለጠች። አፏን በመዳፏ ያዘች። ወደ ኋላ ተመልሳ ሌላ ገለጠች፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን ይላል?» አሉ እናቷ።

«እማ፣ ግመል የለም።»

«እንዴት የለም? ሽፍቶቹስ?»

«ሽፍታም የለም» አለችና መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። እኔን ቀና ብላ ያየችኝ አስተያየት ግን ትንሽ አክብሮት ነበረበት ብል ትስቁብኛላችሁ።

ጉዳዩ በሽምግልና ታየ። አንድ ኪሎ ቡንና ስኳር ተቀጣሁ። ቄሱ መጽሐፉ «ይጣል» አሉ፤ አሥር አለቃው ግን ሳይመረመር አይጣልም ብሎ ብብቱ ሥር ይዞት ሄደ። ምርመራው ይኸው እስካሁን አላለቀም። አሥር አለቃውን ስጠይቀው ለወፍጮ ቤቱ ሰጥቻለሁ ይላል፣ ወፍጮ ቤቱ ለአስተማሪው ይላል፣ አስተማሪው ስሙን ሊነግረኝ ያልፈለገ አንድ የተከበረ ሰው ወስዶታል ይላል። መጽሐፉ ግራና ገብቶም የለመደውን ኑሮ ቀጥሏል።

አሁን የምናነበው ከሳጥኑ የተረፈችውን ነው፤ «የኛው ሰው በደማስቆ»፣ የወሎው ልጅ የማሞ ውድነህ ትርጉም። አንባቢዋም ልጅቷ ሆናለች፤ እኔ ከሰል አራግባለሁ። ስለላው ሁሉንም ገዝቷቸዋል፤ ሸኹም የጁን ረስተው ለዚያ ለኤሊ ኮኸን ይጨነቁለታል። ግን ነገርኳችሁ፣ መጽሐፏ ጎደሎ ናት፤ መጨረሻዋ የለም። ሰላዩ ያመልጥ ይያዝ ሳይታወቅ አለቀች። እኔ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። «ተይዟል፤ በግንቦት 1957 ደማስቆ አደባባይ ላይ ሰቅለውታል» ብዬ በእውነት ነገርኳቸው።

«በግመል ነው ያመለጠው በለና!» አሉኝ እትዬ።

ስለዚህ እናንተ ዘንድ «የኛው ሰው በደማስቆ» መጨረሻው ሳይጎድል ያለው ሰው ካለ፣ እባካችሁ ለግራና ሰው አውሱን። ማስያዣ እናስይዛለን። ማንጎ ይሁን ካላችሁም ይሁን። ብቻ በእኔ እጅ አትላኩት፤ አያምኑም።