ያለ አንብሮተ እድ

አዲስ አበባ ላይ የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ጉባኤው ምሉዕ የሚሆነው ደላላው፣ ተያዡና ወሬውን ከሁለቱ አስቀድማ የሰማችው ጎረቤት ሲገኙ ነው። ደመወዙ በቃል ይቆረጣል፤ ደላላው ድርሻውን ይቀበላል፤ የቀረው ሁሉ፣ ማለት የመተኛውና የመነሻው ሰዓት፣ የዕረፍቱ ቀን፣ ብትታመም የሚደረግላት ነገር፣ «እንደ ልጃችን ናት» በሚል ሰፊ ጋቢ ተሸፍኖ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ እዚህ በደረሰ ጊዜ ገልጦ ማየቱን አልወደደም፤ የግል አገልግሎት ቅጥርን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶ አለፈ። ይህ «እንደ ልጃችን ናት» የሚለው አባባል ለስንቱ ቤት ስንት ብር እንዳተረፈ የሚያሰላ የሒሳብ ሊቅ ቢነሣ፣ መጽሐፉን ከሁሉ በፊት የምገዛው እኔ ነኝ።

በዚህ ልማድ ያደግን እኔና ባለቤቴ፣ በሥራ ምክንያት ባሕር ተሻግረን፣ ዋሽንግተንን ተጎራብታ በምትገኘው፣ እንጀራ በየሱቁ በሚሸጥባት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተቀመጥን በኋላ፣ ሁለታችንም ማልደን የምንወጣ በመሆናችን ለሕፃኑ ልጃችን ሞግዚት ባስፈለገችን ጊዜ፣ ምክር ፍለጋ የሄድነው ምክር በነፃ ወደሚታደልበት፣ ከቅዳሴ በኋላ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ነበር። አንዱ ወዳጃችን «ካሽ ስጧትና አርፋችሁ ተቀመጡ» አለ። ሌላው፣ ታክሲ ሲነዳ የታክስን ምሥጢር ጠንቅቄ መርምሬአለሁ የሚለው፣ «ቴን ናይንቲ ናይን የሚባለውን ወረቀት ስጧት፤ ነጋዴ ትባልና ግብሯን ራሷ ትወጣዋለች» ሲል ፈታው። የግብር መሥሪያ ቤቱን ሐተታ ገልጬ ብመለከት ግን፣ ሥራው በቤትህ የሚሠራ፣ አሠራሩንም የምታዝዝ አንተ ከሆንህ ሞግዚቷ ሠራተኛ እንጂ ነጋዴ አይደለችም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ያጯት ዞዊ ቤርድ፣ የሥራ ፈቃድ የሌላቸውን ባልና ሚስት በቤቷ ቀጥራ፣ ግብራቸውንም በጊዜው ሳትከፍል በመገኘቷ ከዕጩነት መውረዷን ሳነብማ፣ እኔን ለምንም ሹመት የሚያጨኝ ባይኖር እንኳ ፈራሁ። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ፣ ቀድሞ በሩብ ዓመት 50 ዶላር የነበረውን፣ ግብሩ የሚጀምርበትን የደመወዝ መነሻ በዓመት 1,000 ዶላር አደረገው፤ በ2025 ደግሞ 2,800 ደርሷል።

የተገኘችልን ሞግዚት በዲቪ የመጣች፣ አንደበተ ርቱዕ ወይዘሮ ናት። ሕጉን ላስረዳት ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ እርሷ ቀድማ «ጋሼ፣ በካሽ ከሆነ ይቅርብኝ» አለችኝ። ለጡረታዋ 40 ሩብ ዓመት መቆጠር ስላለበት፣ ከመጣች ወዲህ ያገባችውንም ባሏን ከአገር ቤት ለማስመጣት የግብር ማስረጃ ማቅረብ ስለሚያስፈልጋት፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ዶላር በእርሷ ዘንድ ዶላር አይባልም።

ወእምዝ ሢመቱ ተፈጸመ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ስሜንና አድራሻዬን በኢንተርኔት ከጠየቀኝ በኋላ፣ ያለ ጾም፣ ያለ ሱባኤ፣ ያለ አንብሮተ እድ፣ ዘጠኝ አኃዝ ያለው የአሠሪ መለያ ቁጥር ሰጥቶ በቅጽበት ሾመኝ። ከሹመቱ ማግሥት ጀምሮ ግን የማገለግለው እኔ ሆንሁ። የሥራ ፈቃድ የሚረጋገጥበትን፣ አይ ናይን የሚባለውን ቅጽ ሞግዚቷ ሥራ በጀመረች በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም የእኔ ግዴታ ሲሆን፣ ከተፈቀዱት ማስረጃዎች የምታሳየኝን የምትመርጠው ግን እርሷ ናት፤ «ፓስፖርትሽን አምጪ» ማለት አይፈቀድልኝም፤ ተያዥ መጥራትማ ከነጭራሹ የለም። ከደመወዟ ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቀነሳል፤ እኔም ያንኑ ያህል ከኪሴ እጨምራለሁ፤ ድምሩን ስኬጁል ኤች በተባለ ቅጽ ከዓመት ግብሬ ጋር አቀርባለሁ፤ እስከ ጃንዋሪ 31 ደግሞ ዳብልዩ ቱ የሚባለውን የደመወዝ ማስረጃ እሰጣታለሁ፤ እርሷም የገና ጾም ሳይፈታ ጀምራ ታስታውሰኛለች። የምንደኛ ዋጋ በጌታው ቤት እንዳያድር ያዘዘች ኦሪት ይህን ሁሉ ቅጽ ብታይ ኖሮ፣ አንድ ሌሊት ሳትጨምርልን አትቀርም ነበር።

እኛ ያለንበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ፣ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለምትሠራ የቤት ሠራተኛ የጽሑፍ ውል ይቅረብላት ይላል። ስለዚህ አንድ ማምሻ ባለቤቴ እያነበበች፣ እኔ እየጻፍሁ፣ ሞግዚቷ እያረመች፣ ደመወዙን፣ ሰዓቱንና የዕረፍቱን ቀን አንቀጽ በአንቀጽ አሰፈርን። ሠራተኛዋ ከአሠሪው ቤት የምታድር ብትሆን፣ በሩ የሚቆለፍ የራሷ መኝታ ክፍል ሊሰጣት ይገባል ከሚለው ቃል ስትደርስ ባለቤቴ ማንበቧን አቁማ ተመለከተችኝ፤ የሁለታችንም ልብ የሄደው ወደ እናቶቻችን ማድ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ ወደምትቆም ፍራሽ ነበር። ሞግዚቷ «ይቀጥሉ እንጂ» ብትል ቀጠልን፤ የእኛዪቱ ማታ ማታ ወደ ቤቷ የምትሄድ ስለሆነች አንቀጹ አይመለከተንም።

ካውንቲው ያላሰበው ነገር ቢኖር ቡና ነው። መውጫ ሰዓቷ ደርሶ ሳለ ጀበናው ከተጣደ፣ ከእኛ ጋር ተቀምጣ የምትጠጣው ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሥራ ነው ወይስ ዝምድና? በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራው አንድ ተኩል እጥፍ የሚከፈልበት ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አልነበረም። ባለቤቴ ዝምድና ነው አለች፤ እኔ፣ ቡናውን የቆላችው እርሷ ከሆነች ሥራ ነው ብዬ ተከራከርሁ፤ ሞግዚቷ «ዝምድናውንም እወደዋለሁ፣ ሰዓቱም ይጻፍልኝ» አለች። በመጨረሻም፣ ከመውጫ ሰዓት በኋላ የሚፈላውን ቡና አሠሪው ራሱ ያፈላል የሚል አንቀጽ ጨምረን ፈረምን። በቀጠለው ዓርብ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ አቀረብሁ። ሞግዚቷ አቦሉን ቀመሰችና ሲኒውን በአክብሮት አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ይህንንስ መጠጣቱ በትርፍ ሰዓት ይታሰብልኝ» አለች፤ ባለቤቴም ሲኒዋን ሳትጨርስ ፈረደችላት።