ዝክረ ባቡር፦ የባሕር ዳር የትንሽ ባቡር ማኅበር ማቋቋሚያ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ፔዳ ያለህ፣ ሽምብጥ ያለህ፣ ዘጌ ማዶ ሆነህ ጀልባ የምትጠብቅ፣ ጆሮህን ስጠን!

ከተማችን ባሕር ዳር ለሰማዩ አውሮፕላን፣ ለሐይቁ ጀልባና ታንኳ፣ ለአስፋልቱ ባጃጅ ሳይጓደልባት ባቡር ብቻ ስለቀረባት፤

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ያን ቀን ሳያዩ ያረፉ በመሆናቸው (በዚህ ስሌት እኛ ገና ብዙ አልዘገየንም)፤

በ2003ቱ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይነጠፋል ሲባል በጆሯችን ስለሰማን፣ ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወልዲያ የሚዘልቅ ቀጭን መስመርም በካርታ ላይ በዓይናችን ስላየን፣ መስመሩ ግን እስከ ዛሬ ከካርታው ስላልወረደ፤

ካርታውን ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ማውረድ ከአቅማችን በላይ ሆኖ ስላልተገኘ፤ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የትንሽ ባቡር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
«ባቡር» ማለት በሐዲድ ላይ የሚሄድ ነው። በገጠር ባቡር የሚባለውን የእህል ወፍጮ አይጨምርም፤ ምንም እንኳ እስካሁን ለአካባቢያችን ሰው ሥራ የሠራለት እሱ ብቻ ቢሆንም።

3. ልኬት
ማኅበሩ በዓለም ዙሪያ ብዙ ወዳጅ ባለው በ1 ለ87 ልኬት ይሠራል። በዚህ ልኬት 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአዲሱ የጂቡቲ መስመር ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የድሮው የአንድ ሜትር ሐዲድ ደግሞ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠባል። የትኛው ይነጠፍ በሚለው ላይ የሚነሣው ክርክር ከማኅበሩ ሥራ ሁሉ ረጅሙ እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቅ። ድሬዳዋ ያደጉ አባላት ለአሮጌው መሟገታቸው አይቀርም፤ መብታቸው የተጠበቀ ነው፤ ድምፅ ግን ይቆጠራል።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነውና በልኬታችን 4 ሜትር ከ37 ሳንቲም ይወጣዋል፤ አንድ ሳሎን ከነበረንዳው ይበላል። ጣና ግን ከዳር እስከ ዳር 84 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ለ87 ተካፍሎም አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሐይቁ በሳፋ ይወከላል። ሳፋው የቤቱ እመቤት መሆኑን፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ልብስ እንደሚታጠብበት ማኅበሩ ተቀብሏል። በዚያ ቀን ጣና ይደርቃል፤ ባቡሩ ግን መንገዱን አያቋርጥም።

4. ግንባታ
ከውጭ ባቡር ለማስመጣት ምንዛሬ የለም። ስለዚህ የሎኮሞቲቩ ገላ ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ እግሩ ከቆርኪ ይሠራል። ቆርኪው ጥርሱ በመዶሻ ይደፈጠጣል፣ መሐሉ በምስማር ይበሳል፣ በጃንጥላ ሽቦ ይሰካል። ይህን የማያውቅ አባል ሰፈሩ ካለ የስምንት ዓመት ልጅ ሥልጠና ይወስዳል፤ ዲግሪ አለኝ ማለት ከሥልጠናው ነፃ አያደርግም። ለሐዲዱ ዳር ልምላሜ ታንኳ ሠሪዎች የሚጥሉት የደንገል ቁራጭ ይበቃል።

የባቡሩ ሞተር የሚፈልገው 12 ቮልት ስለሆነ የባጃጅ ባትሪ ያስኬደዋል። በዚህ በአንዱ ነገር የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን መስመር እንቀድማለን፤ 392 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ያ መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላም ኤሌክትሪክ ሲጠብቅ ኖሯል። ባጃጅ ያለው አባል እንግዲህ እንደ ማኅበሩ ኃይል ማመንጫ ተቆጥሮ ቡናው ቀድሞ ይቀዳለት።

5. ስለ ምረቃ
የመሠረት ድንጋይ ማኖር በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ጠረጴዛው አይችለውም። ሪባን የሚቆረጠው ባቡሩ አንድ ዙር ሞልቶ ከዞረ በኋላ ብቻ ነው። «አፈጻጸማችን 98 በመቶ ደርሷል» ያለ አባል የቀረውን 2 በመቶ እዚያው ተቀምጦ ይጨርሳል፤ ሳይጨርስ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አበልም የለውም።

6. ቅጣት
ባቡሩን በጣቱ እየገፋ «በራሱ ሄደ» ብሎ ያወራ የአንድ እሑድ ቡና ከነቁርሱ ይጋብዛል። የገፋው ልጅ ከሆነ ግን ቅጣት የለም።

7. አዋጁ ስለሚሻርበት ጊዜ
እውነተኛው ባቡር ባሕር ዳር ገብቶ የጮኸ ዕለት ይህ አዋጅ ያለ ስብሰባ ይሻራል፤ አባላትም ነቅለው ወጥተው ትኬት ይቆርጣሉ። እስከዚያው የሰርዲን ቆርቆሮ ያላችሁ የወንዛችን ልጆች አትጣሉት፤ ዘይቱን አጥባችሁ፣ ክዳኑን ሳታጣምሙ አምጡልን።