«ነውር ነው» የሚል ጠፋ

ደክሞኛል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥቼ የምሳፈረው ባቡር ግማሹ ባዶ ነው፤ የተሳፈርነውም አብዛኞቻችን ቀኑን ሙሉ ቆመን የዋልን ነን። ሆስፒታል፣ ጽዳት፣ ፓርኪንግ፣ የሆቴል ማድ ቤት። ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ ያላስደገፈ ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሰዓት አንድ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ወጣት ገባ፤ ቦርሳውን አንዱ ወንበር ላይ፣ እግሩን ሌላው ወንበር ላይ አደረገና ስልኩን ከፈተ። የጆሮ ማዳመጫ የለውም፤ ቢኖረውም አላወጣውም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ይሥቃል። ምን እንደሚያይ ለማወቅ አንገቴን ማስገግ አላስፈለገኝም፤ ፉርጎው በሙሉ እየሰማ ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ባዶ እግሯን ፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ላይ በሰቀለች ሴት ላይ የሚያላግጥ ቪዲዮ ነው። ቀጥሎ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ላይ የሚጮህ ሰው መጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። እኔ እስክወርድ ድረስ በሰው ሥርዓት ማጣት ሣቀ፤ እኛ በእሱ ምክንያት ዓይናችንን መክደን አቃተን።

አንድም ሰው አፍ አውጥቶ «ወንድሜ፣ እባክህ ቀንስልን» አላለውም። እኔም አላልኩትም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ስልኩን ቀስ ብሎ ደረቱ ላይ አቆመና ወጣቱን መቅረጽ ጀመረ። ነገ የልጁ መልክ ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ ተለጥፎበት ይዞራል። ሌላ ከተማ ያለ ሌላ ሰው፣ ሌላ ባቡር ውስጥ፣ ድምፁን ለቅቆ ያየዋል።

ምሬቴ እዚህ ላይ ነው። ሰው በአደባባይ የፈለገውን ሲያደርግ ማየት ድሮም ያናድድ ነበር። አሁን የጨመረው ነገር፣ የተናደድነው ሁሉ መናገር ትተን ሥዕል መላላካችን ነው። ስልኬ ሞልቷል። ሁለት ፓርኪንግ ላይ አጋድሞ ያቆመ መኪና፣ ሰልፍ አልፎ የገባ ሰው፣ ሲኒማ ቤት ስልክ የሚያወራ፣ ሁሉም ከነማላገጫው ይላክልኛል። እንዲህ ያለው ማላገጫ ሚም ይባላል፤ ቃሉን ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶውኪንስ ነው፤ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከሰው ወደ ሰው እየተቀዳ የሚሄድን ልማድ፣ ዜማ ወይም ሐሳብ ለመጥራት ተጠቀመበት። እኛ ዘንድ የተቀዳው ሣቁ ብቻ ነው። ሥርዓቱ አልተቀዳም።

እግሩን በርግዶ የሁለት ሰው ቦታ የሚይዘውን ወንድ ውሰዱ። የኒውዮርክ ምድር ባቡር በ2014 መጨረሻ እግራችሁን ሰብስቡ የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ድርጊቱን የሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል በፎቶና በፌዝ ተራብቶ በ2015 የኦክስፎርድ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ፤ በ2017 ደግሞ ማድሪድ በአውቶቡሶቿ ላይ የክልከላ ምልክት ለጠፈች። ስምም ምልክትም ተገኘለት። ትናንት ማታ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጉልበት ግን የወንበሬን እኩሌታ ይዞ ነበር፤ እኔም እንደ ሁልጊዜው ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ።

ከእነዚህ ፌዞች ሁሉ ልቤ የገባው፣ ይበል ያልኩት፣ በትንሹም በትልቁም ጥቁር ሰው ላይ ፖሊስ በምትጠራ ሴት ላይ የተለጠፈው «ካረን» የሚለው ስም ነበር። ወንድ ልጅ አለኝ፤ ጥቁር ወንድ ልጅ፣ አሜሪካ ውስጥ። ስለዚህ ያ ስም ለእኔ ቀልድ አልነበረም።

በኤፕሪል 2018 ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ፣ ሜሪት ሐይቅ ዳር ጥቁር ሰዎች ሥጋ ሊጠብሱ ከሰል አቀጣጠሉ። አንዲት ነጭ ሴት እዚህ ቦታ በከሰል መጥበስ አይፈቀድም ብላ ፖሊስ ጠራች። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የተቀረጸችው ምስል ባጭር ጊዜ ዓለምን አዳረሰ፤ ሰዎች እየቆረጡ የጥቁሮች ታሪክ ባለበት ፎቶ ሁሉ ውስጥ ከኋላ አቆሟት። ያ ሣቅ ሥራ ሠርቷል። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ብዙ ሕዝብ መጥበሻውን ይዞ ወደዚያው ሐይቅ ወጣ፤ በላ፣ ጨፈረ። በጁን ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ መንገድ ዳር ውሃ የምትሸጥ የ8 ዓመት ልጅ ፈቃድ የላትም ተብሎ ስልክ ተነሣባት። በኦክቶበር ደግሞ ብሩክሊን ውስጥ አንዲት ሴት የ9 ዓመት ልጅ በአጉል ቦታ ነካኝ ብላ ፖሊስ ጠራች፤ የሱቁ ካሜራ ሲታይ የነካት የልጁ የጀርባ ቦርሳ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሲያለቅስ የሚያሳየውን ቪዲዮ አይቻለሁ። የእኔ ልጅ ያን ጊዜ 10 ዓመቱ ነበር፤ የትምህርት ቤት ቦርሳው ጀርባውን ሙሉ ይሸፍነዋል። ሱቅ ስንገባ «ቦርሳህን ከፊት አድርገው» ማለት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ለምን እንደሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ሜይ 25 ቀን 2020 መጣ። ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ወፎችን ሊመለከት የወጣ ክርስቲያን ኩፐር የተባለ ጥቁር ሰው፣ ውሻ ያለማሰሪያ በማይለቀቅበት ቦታ አንዲት ሴት ውሻዋን እንድታስር ጠየቃት። እሷ አፍሪካ አሜሪካዊ ወንድ እያስፈራራኝ ነው ብላ ለፖሊስ ደወለች። የዚያኑ ዕለት ማታ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። ካረን ምን ማለት እንደሆነ በዚያን ሰሞን ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። የፖሊስ ስልክ ጥቁር ሰው ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል እያወቀች፣ እሱኑ ተማምና የምትደውል ሴት ማለት ነበር። ሳንፍራንሲስኮ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በዘር አድልዎ ተነሣስቶ የሐሰት ጥሪ የሚያደርግን ሰው ማስከሰስ የሚያስችል ሕግ አጸደቀች፤ የሕጉ ምሕጻረ ቃል ሆን ተብሎ «ካረን» ተብሎ እንዲነበብ ሆኖ ነው የተሰየመው። ኩፐር ራሱ ከዐቃቤ ሕግ ጋር መተባበር አልፈለገም፤ ሴትየዋ ሥራዋንና ስሟን አጥታለች፣ ይበቃታል ብሎ። እኔ ያን ያህል ትዕግሥት እንደሌለኝ እናገራለሁ፤ የእሱን ግን አከብራለሁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የተሸከመ ስም ዛሬ ምን ላይ እየዋለ ነው?

እኛ ሕንጻ ውስጥ የሚኖሩ አንድ የወሎ እናት አሉ፤ 63 ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ዕለት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲገቡ ጎረምሶች ማሽኖቹን ሁሉ ይዘው፣ ያለቀለትንም ሳያወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። አንድ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ በሚችሉት እንግሊዝኛ አንዱን ማሽን ልቀቁልኝ አሏቸው። «ኦኬ ካረን» ብለው መለሱላቸው፤ አንደኛው ስልኩን አወጣ። ሴትዮዋ ልብሳቸውን እንደያዙ ተመለሱ። ማታ ቡና ልጠጣ ስገባ «ካረን ማናት ልጄ?» አሉኝ።

የብሩክሊኑን ልጅ ታሪክ ነገርኳቸው፤ የሴንትራል ፓርኩንም። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። «ታዲያ እኔ በማን ላይ ፖሊስ ጠራሁ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ሥርዓት የሌለውን ሰው ለመንቀፍ የወጣ ስም፣ ሥርዓት ይኑራችሁ ያለችን ሴት አፍ መዝጊያ ሆነ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሴትዮዋ ልብሳቸውን የሚያጥቡት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው ነው፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ። ይህን የማውቀው እኔም ወደ ሥራ ለመሄድ የምነሣው በዚያው ሰዓት በሆነበት ቀን ደረጃው ላይ ከነቅርጫታቸው ስላገኘኋቸው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የሚቀረጸው ሰው የሚደርስበትን ሳስብ አልደሰትም፤ ጥፋተኛ ቢሆንም። በ2005 ሴኡል የምድር ባቡር ውስጥ የአንዲት ወጣት ውሻ ወለሉ ላይ ተጸዳዳ፤ አልጠርግም አለች። አጠገቧ የነበሩ ሰዎች ጠረጉት፤ አንዱ ተሳፋሪ ፎቶ አነሣት። በኢንተርኔት በውሻዋ ኩስ ተሰየመች፣ ማንነቷ ተፈልጎ ተገኘ፣ ከዩኒቨርሲቲም ወጣች ተባለ። ያቺ ልጅ ጥፋተኛ ናት፤ አሮጊት ሽማግሌ ከሚሳፈርበት ፉርጎ ላይ ኩስ ትቶ መሄድ አስጸያፊ ነው። ግን የአንድ ቀን ጥፋት ለዕድሜ ልክ ስም ይሆናል? ፉርጎው ውስጥ አንድ ቆፍጣና ሰው «ልጄ፣ ይህን ሳትጠርጊ አትወርጂም» ቢላት ኖሮ ፊቷ ቀልቶ፣ በሶፍት ጠርጋ፣ አፍራ ትወርድ ነበር። እፍረቱ እዚያው በፉርጎው ውስጥ ያልቅ ነበር።

ማላገጥ የግድ ከሆነ የሚያውቁበት አሉ። የቶኪዮ ሜትሮ ከ2008 እስከ 2010 ድረስ በየወሩ አንድ ቢጫ ፖስተር በየጣቢያው ይሰቅል ነበር፤ ሥዕሉ ቡንፔ ዮሪፉጂ የተባለ ሠዓሊ ነው። ባቡር ውስጥ የሚኳኳል፣ ወንበር ላይ የሚጋደም፣ በስልክ የሚጮህ ሰው ይሣልና፣ ይህን ቤትህ አድርገው ይላል። የማንም ፊት አይደለም። ያየው ሁሉ ራሱን ሊፈልግበት ይችላል፤ የሚታደን ሰው የለበትም። እንዲህ ያለው ሥዕል ቢላክልኝ በደስታ ለሁሉም አስተላልፋለሁ።

እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር አለን። ቃሉ ከማለት ነው የመጣው፤ ሰው ምን ይለኛል ከማለት። ይሉኝታ ብዙ ሰው እንደጎዳ አውቃለሁ፤ ሰው ምን ይለኛል ብላ በማይሆን ትዳር ውስጥ ያረጀች ዘመድ አለችኝ፤ የእሷ እሮሮ ከዚህ ይከብዳል። ግን ይሉኝታ እንዲኖር የሚል ሰው መኖር አለበት፤ ፊት ለፊት፣ በአፉ፣ በስምህ ወይም በልጄ ጠርቶህ የሚል ሰው። ሦስት ሚሊዮን የማያውቁህ ሰዎች ቢሥቁብህ ይሉኝታ አያድርብህም። ትደበቃለህ፣ ትሰደባለህ፣ ትሳደባለህ፤ ወይ እንደ አንዳንዱ ተከታይ በዛልኝ ብለህ ትደሰታለህ።

ባለፈው ክረምት አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ ወጣት የመጣለትን ስልክ በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ስለ መኪና ዋጋ ይነጋገር ጀመር። ሐዘንተኛዋ ፊት ለፊቱ ናት። ከጎኔ ያለችው ልጅ ስልኳን ስታወጣ አየኋት። ከመቅረጿ በፊት ግን ከወዲያ ጥግ አንዲት እናት፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ «የእኔ ልጅ፣ ሐዘን ቤት እኮ ነው» አሉት። ተነሣ፤ «ይቅርታ እማማ» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ሐዘንተኛዋን ጉልበቷን ስሞ ተቀመጠ። አለቀ። ማንም አላወቀበትም፣ ማንም አልሣቀበትም። ከእነዚያ እናት አፍ የወጣችው ያቺ አንድ ዐረፍተ ነገር ከጠፋች ምን እንደምንሆን ሳስብ ነው የሚደክመኝ።

እኔ ራሴ ባቡር ውስጥ ለምን ዝም እንደምል አውቀዋለሁ። አነጋገሬ የባዕድ ነው። ልጁ ቢቆጣስ? ቢቀርጸኝስ? ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ የእናቱን ፊት በሰው ስልክ ላይ፣ ያ ስም ተጽፎበት ቢያየውስ? ይህን ሳስብ ፌርማታዬ ይደርሳል።

ትናንት እህቴ ከአዲስ አበባ በቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ቪዲዮ ላከች። መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አንድ ሰዓት የቆመውን ሕዝብ አልፎ፣ ቦርሳውን ከፍ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ከፊት ተቀመጠ። ዘፈን ገብቶበታል፤ የሚሥቅ ፊት ተለጥፎበታል። የአጎቶቼ ልጆች በሙሉ ሥቀዋል።

«ማን ተናገረው?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ማንም፤ ሁሉም እየቀረጸ ነበር» አለችኝ።

ደግሜ ከፈትኩት። ከሰውዬው ኋላ፣ ሰልፉ ላይ፣ ከፍ ብለው የተያዙትን ስልኮች ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው።