መርፌ ስላለመሥራት

የዓለም ኢኮኖሚ ወደፊት በማን ትከሻ ያድጋል እያሉ የሚጨነቁ ሊቃውንት ዓይናቸውን ከቻይናና ከሕንድ አላነሡም። አንዱ የቻይናን ፋብሪካ ይቆጥራል፤ ሌላው ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2023 በሕዝብ ብዛት ቻይናን መብለጧን ያነሣል። ጎንደርን ያነሣ ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህን ግድፈት ማረም ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩን በዓይኑ ማየት የሚሻ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ይሳፈርና ማራኪ ድረስ ይሂድ። ባጃጁ የሕንድ ነው። ሾፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ ከጆሮው የማይነጥለው ስልክ የቻይና ነው። ከኋላ የተቀመጡት እናት ለጥምቀት የገዙት የሐበሻ ቀሚስም፣ ከነጥለቱ በማሽን የታተመ፣ የቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ሂማላያ ላይ በድንጋይና በዱላ ተፈነካክተዋል። በዚህች ባለሦስት እግር ውስጥ ግን ሁለቱ ኃያላን ተጠጋግተው በሰላም ይጓዛሉ። ያስታረቃቸው ማን ነው? እኛ። ምን አዋጥተን? ተሳፋሪውን።

ይህ አስተዋይነት የትናንት አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 መናገሻቸውን ጎንደር ሲያደርጉ፣ ግንቡን ያያያዘው ኖራ ከሕንድ በመጣ ሰው እንደተገኘ ይነገራል። ሕንዳዊው ኖራውን አሳየ፤ እኛ ዛሬም በር ላይ ትኬት እንቆርጣለን። የሥራ ክፍፍሉ አልተዛነፈም።

የአባቶቻችን ትልቁ ጥበብ ግን በግንቡ ሳይሆን በስድቡ ላይ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ ብለው ስም አወጡለት። ልጃቸውን አልዳሩለትም፤ ዓይኑንም ፈሩ። ላይ ላዩን ለሚመለከት ይህ ክፋት ይመስላል። ነገሩ ግን የንግድ ፖሊሲ ነበር። ጠይቡ ተከብሮ ቢሆን ልጁ ከማጭድ ወደ መርፌ፣ የልጅ ልጁ ከመርፌ ወደ ሞተር ይሻገርና ዛሬ የሕንዷ ፑኔና የቻይናዋ ሸንዠን ሠራተኛ ጦሙን ያድር ነበር። ከ2 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ እንጀራ የሆነ ስድብ ከወዴት ይገኛል?

አንድ ጊዜ ብቻ ስተናል። የቋራው ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ ጋፋት ላይ የውጭ ሰዎችን ሰብስበው መድፍ ካላቀለጥሁ አሉ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም ተወለደ። ደግነቱ ነገሩ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ጃፓኖች የሜጂን መንግሥት መሥርተው ወደዚሁ ስሕተት ገቡ፤ የሚያስቆማቸው በመታጣቱ ይኸው እስከ ዛሬ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይንከራተታሉ። አያድርስ ነው።

አገራችን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከቻይናና ከሕንድ ጋር በብሪክስ ስትቀመጥ «ምን ይዛ?» ያሉ ነበሩ። ማኅበር የማያውቁ መሆን አለባቸው። ጠማቂ በጠማቂ ላይ ቢደረደር ጠላው ማን ሊጠጣው ነው? የጠማቂውን ስም የሚያስጠራው የጠጪው ጉሮሮ ነው፤ በዚህ በኩል ደግሞ አንታማም።

የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ቀርቷል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ወለቃ ላይ፣ ዛሬም ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ለዓለም ዕድገት ሳያስቡ ጭቃውን በመዳፋቸው አሽተው፣ አንገቱን አውጥተው፣ በእሳት ጠብሰው ጀበና ያደርጉታል። በዚያ የምታልፉ ወገኖቼ ሆይ፣ እንደ አባቶቻችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ እለፉ። ጀበናው ቢያምራችሁም ጥቂት ታገሡ፤ የቻይናው መንገድ ላይ ነው።